የአለቤን ሾው ከእናቴ ጋር እያየን አመሸን

ታቦር ሥር | ታኅሣሥ 20፣ ምሽት 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት። እንዴት ሰነበታችሁ?

እናቴ ለገብርኤል ከዲላ መጥታ እኔ ጋ ናት። ትናንት ከንግሡ ስንመለስ፣ የሐዋሳን ገብርኤል ሕዝብ ታውቁታላችሁ፣ ከካቴድራሉ አጥር ርቀን ባጃጅ እስክናገኝ ድረስ ፀሐዩ አናታችን ላይ ወጣ። ማታ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እንደከተተች መብራት ድርግም አለ። ሻማ ለኮስን። እንቅልፍ ገና ነው፣ ቴሌቪዥን የለም፣ «እስቲ በስልክህ የሆነ ነገር ክፈትልኝ» አለችኝ። መዝሙር ልክፈትልሽ ስላት «መዝሙሩንማ ከሌሊት ጀምሮ ስሰማው ዋልኩ። ያ አለቤ የሚሉት ልጅ የለም?» አለች።

አለቤ! ስሙን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ። ፈልጌ አንድ የቆየ ቅጂ አገኘሁ። ምስሉ ደብዛዛ ነው፣ ድምፁ ይቆራረጣል። እናቴ ግን ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሻማውን ከአጠገቧ አስነስታ አየችው። መጀመሪያ ሳቀች። ቆይታ ደግሞ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሲያልቅ «ይሄ ልጅ ለሰው ሲለምን ኖሮ በመኪና አደጋ ሄደ» ብላ ስልኩን መለሰችልኝ።

ለታናናሾቻችን ልንገር፦ አለባቸው ተካ ኮሜዲያን ነው። ከልመነህ ታደሰ ጋር ሆነው አገሩን ያሳቁ ነበር። ኋላ አለቤ ሾው የሚባል የራሱን ዝግጅት በቴሌቪዥን ይዞ መጣ። አገሩ ሁሉ የሚያየው አንድ ጣቢያ በነበረበት ዘመን ማለት ነው። እንግዳ ይጋብዛል፣ ያስቃል፣ የተቸገረውን ደግሞ አምጥቶ ከእንግዶቹ እኩል ያስቀምጠዋል።

እኔ ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ። ገንዘብ ያለው ሰው ሲሰጥ ከኪሱ ነው። ይሄ ሰው የሰጠው ሰው ለሱ የነበረውን ፍቅር ነው። «ስለምትወዱኝ ይሄን ሰው እዩልኝ» እንደማለት። እናንተስ ምን ታስታውሳላችሁ?

---

የአቶቴ ልጅ | 2፡31

ወንድሜ ልቤን ነካኸው። እኛ ሰፈር ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነው። አለቤ ሾው ሲኖር ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ምንጣፉ ላይ እንደ ሰርዲን እንደረደር ነበር። የቤቱ አባት ጎረምሳ የሚጮህበት ቤት አይወዱም፣ ግን ያን ቀን ዝም ይሉናል። እሳቸውም ስለሚስቁ።

አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። ሁላችንም በሳቅ ፈርሰን ሳለ ድንገት ዝም እንላለን። ማንም ዝም በሉ ሳይለን። አንድ ሽማግሌ ወይ አንዲት እናት ማውራት ትጀምራለች። ከዚያ በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ስለዚያች ሴት ነው እንጂ ስለ ቀልዱ አይደለም።

---

ዓሳ ሾርባ | 2፡34

እኔ ካሴታቸውን ነው የማስታውሰው። ከአዲስ አበባ ስንመጣ አውቶቡስ ላይ ተከፍቶ ሻሸመኔ እስክንደርስ ሰው እንቅልፍ አልያዘውም።

በነገራችን ላይ ቅዳሜ አሞራ ገደል የሚወርድ አለ? ዓሳው ሰሞኑን ጥሩ ነው።

---

ነጭ ጋውን | 2፡40

ቅዳሜ ተረኛ ነኝ። ጥሬውን እንዳትበሉ፣ ጥብሱን ብሉ። ደጋግሜ ነግሬያችኋለሁ።

አለቤን እኔም እወደዋለሁ። አባቴ ሲሞት ያለቀሰውን ያህል የአለቤ ዜና የተሰማ ዕለትም ያለቀሰ ጎረቤት ነበረን። በአካል አይቶት አያውቅም።

---

ጀበና | 3፡05

እኔም የምወደው ሰው ነው፣ ይሄን አስቀድሜ ልበል። ግን የምጽፈው ነገር ከናንተ ትንሽ ይለያል፣ ታገሱኝ።

አባቴ ስትሮክ መትቶት ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ነበር። እኔ ያኔ 8ኛ ክፍል ነኝ። እናቴ ቡና እያፈላች ነው የምታኖረን። አንድ ቀን በጎ አድራጊዎች ናቸው ተብለው አራት ሰዎች መጡ። 25 ኪሎ ዱቄትና 5 ሊትር ዘይት ይዘዋል። አንደኛው ካሜራ ይዟል።

አባቴ እንግዳ ሲመጣ ኮቱን ሳይለብስ አይቀመጥም። ታሞም ያው ነው። ቡኒ ኮት ነበረችው፣ ክርኗ ላይ የተጣፈች። ካሜራውን ሲያይ ወደኔ ዞሮ፣ ምላሱ በደንብ አይታዘዘውም፣ «ኮቴን» አለኝ። ላመጣ ስነሳ ሰውየው «ተዪው፣ እንዲሁ ይሻላል» አለኝ። እንዲሁ ይሻላል! በካናቴራ፣ ብርድ ልብሱ ተገልጦ፣ ዘይቱን ደረቱ ላይ አስታቅፈው አነሱት። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው ሊያዞር ሞከረ። «አባባ ወደዚህ ይዩ» አሉት።

ዱቄቱን በላነው። ምን እናደርጋለን፣ ርቦናል። ዘይቱን ግን እናቴ እስኪያልቅ ድረስ አባቴ ከሚያይበት ቦታ አላስቀመጠችውም። ጓዳ ውስጥ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ።

ስለዚህ ሰው በካሜራ ፊት ሲረዳ ሳይ መጀመሪያ የማየው የተረጂውን ፊት ነው። ሰጪውን አላየውም። አለቤንም ስታዩ እስቲ እንደኔ እዩት። ሰውየው ኮቱን ለብሷል ወይ?

---

ታቦር ሥር | 3：18

ጀበና፣ እህቴ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት አብረን ስንሆን አንድም ቀን አልነገርሽንም። ነፍሳቸውን ይማር። የምለው ጠፋኝ።

ያልሽውን አድርጌ ቅጂውን ደግሜ አየሁት። እናቴንም ቀሰቀስኳት። እንግዳዋ ንጹሕ ነጠላ ለብሳለች፣ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠችው፣ አለቤ ደግሞ ወደሷ ዘንበል ብሎ ነው የሚሰማት። እሷ ናት የምታወራው። እሱ መሃል እየገባ አያወራላትም። እናቴ «እንደ እንግዳ ነው የያዛት» አለች። ከፍትፍቱ ፊቱ የሚባለው ይሄ አይደል?

---

አረብ ሰፈር | 3፡40

አሰላሙ ዐለይኩም ወገኖች። ጀበና፣ አላህ አባትሽን ይማራቸው።

እኛ ጋ በሐዲስ ላይ ቂያማ ቀን አላህ በጥላው ሥር ከሚያስጠልላቸው ሰባት ዓይነት ሰዎች አንዱ፣ ቀኝ እጁ የሰጠውን ግራ እጁ እስከማያውቅ ድረስ ደብቆ የሰጠ ነው ይባላል። እናንተም ጋ በወንጌል ይሄው ቃል እንዳለ ታቦር ሥር ነግሮኝ ያውቃል። ቁርኣን ደግሞ በሱረቱል በቀራ ሰደቃችሁን በግልጽ ብትሰጡ መልካም ነው፣ ደብቃችሁ ለድሆች ብትሰጡ ግን ይበልጥ ለናንተ ይሻላል ይላል። ግልጹን አልከለከለም። እዚያው አካባቢ ደግሞ ሰደቃችሁን በመመጻደቅና በማስከፋት አታበላሹ የሚል አለ። የጀበና አባት ላይ የተሠራው ይሄኛው ነው። የተሰጠው ዘይት በማስከፋት ተበላሸ።

አያቴ ረመዳን ላይ ዘካ የሚያከፋፍሉት ከመግሪብ በኋላ ሲጨልም ነበር። ልጅ ሆኜ ለምን በቀን አይሰጡም ብዬ ስጠይቅ «ጨለማው ለነሱ ነው» አሉኝ። የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

---

ጠመኔ | ታኅሣሥ 21፣ ጠዋት 1፡20

ልጆቼ እንደምን አደራችሁ። ሌሊት የጻፋችሁትን አሁን አነበብኩት። የጀበናን ሁለት ጊዜ።

እኔ በ1977ቱ ድርቅ ዘመን ወጣት አስተማሪ ነበርኩ፣ ሐረርጌ ተመድቤ። እናንተ ስለ ኮሜዲያን ስታወሩ ሁለት ታሪክ ትዝ አለኝ፣ ሁለቱም ከኛ ረሃብ ጋር የተያያዘ ነው።

አንደኛው እንግሊዝ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሌኒ ሄንሪ የሚባል ኮሜዲያንና ሪቻርድ ከርቲስ የሚባል የኮሜዲ ጸሐፊ፣ የኢትዮጵያን ረሃብ አይተው ኮሚክ ሪሊፍ የሚባል ነገር መሠረቱ። የጀመሩት በገና ዕለት፣ ሱዳን ውስጥ ካለ የስደተኞች ካምፕ በቀጥታ በተላለፈ ዝግጅት ነው። ከዚያ በ1988 ቀይ የጨዋታ አፍንጫ አጥልቆ ገንዘብ የማሰባሰብ ቀን አወጡ። አገሩ በሙሉ፣ አስተማሪው፣ ፖሊሱ፣ የባንክ ሠራተኛው ቀይ አፍንጫ አድርጎ ዋለ። በመጀመሪያው ቀን ብቻ 15 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሰበሰቡ። ቀልድ አዋቂዎች እኛን አስበው እንዲህ ያለ ነገር ማድረጋቸው እስከ ዛሬ ያሞቀኛል።

ለጀበና ግን ቀሪውን ልንገርሽ። እነዚሁ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ታዋቂ ሰዎችን ወደ አፍሪካ እየላኩ፣ የታመመ ሕፃን አቅፈው ሲያለቅሱ እየቀረጹ ያሳዩ ነበር። ነቀፌታ መጣባቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ያን ዓይነቱን ቀረጻ እናቆማለን፣ ታሪኩን አፍሪካውያን ባለሙያዎች ራሳቸው ይቅረጹት አሉ። አንቺ በ8ኛ ክፍል ያየሽውን እነሱ ለማየት ከ30 ዓመት በላይ ፈጀባቸው። ማየታቸው ግን ደግ ነው።

ሁለተኛው ካርል ነው። ካርልሃይንዝ በም ኮሜዲያን አይደለም፣ በጀርመንኛ ፊልሞች ንጉሠ ነገሥት ሆኖ በመጫወት ስሙ የገነነ ተዋናይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በቀጥታ በሚተላለፍ የጨዋታ ዝግጅት ላይ ቀርቦ ተወራረደ። «ከሦስት ተመልካች አንዱ እንኳ በረሃብ ለተጎዱት አንድ ማርክ አይሰጥም» አለ። ውርርዱን አሸነፈ! ሰዉ እሱ ካለው ልክ አልደረሰም። ቢሆንም ከ1 ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበ። ገንዘቡን ለሌላ ሰጥቶ ወደ ፊልሙ መመለስ ይችል ነበር። ያንኑ ዓመት ራሱ ኢትዮጵያ መጣ። ባቢሌ ካምፕ የነበሩትን ተፈናቃዮች አይቶ በኤረር ሸለቆ መንደር ማቋቋም ጀመረ። ፊልሙን ተወ። ዕድሜውን እዚህ ጨረሰ ማለት ይቻላል። አገራችን የክብር ዜግነት ሰጠችው፣ አዲስ አበባ ካርል አደባባይ ስትሉ በየቀኑ ስሙን እየጠራችሁት ነው።

በሐረርጌ ዘመኔ ሰዎች ስለሱ ሲያወሩ ስለሰጠው ገንዘብ ሲያወሩ አልሰማሁም። «መሬት ላይ ከኛ ጋር ይቀመጣል» ነበር የሚሉት።

---

የአቶቴ ልጅ | 1፡55

ጋሼ እድሜ ይስጥዎት። እኔ ካርል አደባባይን የምን ካርል እንደሆነ ሳላውቅ ስንቴ ወርጄበታለሁ።

---

ዓሳ ሾርባ | 2፡10

ጋሼ፣ እርስዎ አስተማሪ መሆን መቼም አይተዉ።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ከልቤ ነው። ካሜራው ባይኖር ገንዘቡ ይመጣ ነበር? በ2017 ሰይፉ ፋንታሁን ለመቄዶንያ የአረጋውያን መርጃ ማዕከል ሕንፃ ማስጨረሻ በዩቲዩብ ቀጥታ ስርጭት ሲያሰባስብ እኔ ስንት ሌሊት ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ከአሜሪካ፣ ከዐረብ አገር፣ ከሁሉም ይደወላል። ቤት ሠራተኛ ሆና የምትሠራ እህታችን ከደመወዟ ስትሰጥ እያየሁ እንዴት ዝም ልበል? እኔም ላክሁ። እሸቱ መለሰንም እዩት። ዶንኪ ቲዩብ ላይ ከሕፃናት ጋር እየሳቀ ያወራል፣ ሰው የተቸገረ ዕለት ደግሞ ያንኑ ሕዝብ ይዞ ይለምናል። ይሄን በጨለማ ማድረግ አይቻልም።

---

ጀበና | 2፡44

ጥያቄህ ልክ ነው፣ እኔም ያን ሌሊት ልኬያለሁ።

ልዩነቱ ምን መሰለህ? ለመቄዶንያ የሰጠሁት አንድ አረጋዊን በካናቴራ አሳይተው አስለቅሰውኝ አይደለም። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለውን መፈክራቸውን ስሰማ ነው። ይሄ ቃል የሚናገረው ስለ ሰጪው ነው። አንተ ሰው ነህ ወይ ነው የሚልህ። ተረጂው ምን ያህል እንደተዋረደ እያሳየ አይለምንህም። ቢንያም በለጠም የጀመረው ካሜራ ይዞ አይደለም፣ በወላጆቹ ቤት አረጋውያንን አስጠግቶ ነው።

ካሜራን አልጠላም። ካሜራው ወደ ማን እንደዞረ ነው የምጠይቀው። ኮሜዲያን ካሜራውን ወደ ራሱ ማዞር ይችላል። ሥራው ነው፣ ለምዶታል፣ ሰው እሱን ለማየት ነው የመጣው። ስለዚህ ሸክሙን በራሱ ፊት ላይ ይሸከመዋል። የአባቴን ፊት መጠቀም አያስፈልገውም። አለቤንም እሸቱንም የምወድላቸው ይሄን ነው።

---

ታቦር ሥር | 2：50

ይሄን እናቴ እንድትሰማ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ልጅቷ ብፅዕት ናት፣ ቅዳሜ ቡና ትምጣ» ብላለች። ትእዛዝ ነው።

---

ጀበና | 2፡52

እመጣለሁ። ቄጤማ ይዤ።

---

የአቶቴ ልጅ | ታኅሣሥ 23፣ ምሽት 1፡30

ወገኖች፣ ይሄን ጉዳይ እዚሁ ላንሳው ብዬ ሁለት ቀን አሰብኩ።

የትምህርት ቤታችን በር ላይ ቦምቦሊኖ ይሸጡ የነበሩትን እትዬ ታስታውሳላችሁ? ሰማያዊ ሳፋ፣ ላዩ ላይ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ? ትናንት መናኸሪያ አካባቢ አገኘኋቸው። የልጅ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ትመራቸዋለች። ሰላም ስላቸው ፊቴ ላይ እጃቸውን አደረጉ። አያዩም። የቀኙ ዓይናቸው ብሌን ነጭ ሆኗል፣ ግራው ብርሃን ብቻ ይለያል አሉኝ። ቦምቦሊኖውን ካቆሙ ሦስት ዓመታቸው። ዘይቱ ሲሞቅ አይታየኝም፣ አንድ ቀን እጄን አቃጠለኝ፣ ተውኩት አሉ። ይሄንንም ሲነግሩኝ እየሳቁ ነው። ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ።

---

ነጭ ጋውን | 1፡38

ብሌናቸው ነጭ ነው? ሕመም አላቸው? ቀልቷል?

---

የአቶቴ ልጅ | 1፡41

ሕመም የለኝም ነው ያሉት። አልቀላም። ቀስ በቀስ ነው የጨለመብኝ አሉ።

---

ነጭ ጋውን | 1፡59

መመርመር አለባቸው፣ ሳይታይ አይባልም። ግን እንደነገርከኝ የዓይን ሞራ ይመስላል። በአገራችን ለዓይነ ስውርነት ዋናው ምክንያት እሱ ነው፣ ከሁሉም የሚያንገበግበኝም እሱ ነው፣ ምክንያቱም ይድናል። ዓይን ውስጥ ያለው ተፈጥሯዊ ሌንስ ይደፈርሳል። ሐኪሙ ዓይኑን ብቻ አደንዝዞ የደፈረሰውን አውጥቶ በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገባል። ከአንድ ሰዓት በታች ነው የሚፈጀው። በማግስቱ ይፈታል። ስንት እናት ዕድሜ ነው ብላ፣ የእግዜር ቁጣ ነው ብላ ቤቷ ተቀምጣ ጨልሞባት ትቀራለች።

እኚህ ሴትዮ እኮ ለኔ በነፃ ሰጥተውኛል። 5ኛ ክፍል ሆኜ ምሳ ሳልይዝ የምመጣባቸው ቀኖች ነበሩ። ሳፋው ዳር ቆሜ ሌላ ነገር የማይ መስዬ እቆማለሁ። «ነይ የኔ ነርስ፣ ውሰጂ፣ ነርስ ስትሆኚ በመርፌ ትከፍይኛለሽ» ይሉኛል። ከየት አምጥተው ነርስ እንዳሉኝ አላውቅም። ነርስ የሚለውን ቃል ለራሴ ማሰብ የጀመርኩት ከዚያ ነው።

---

አረብ ሰፈር | 2፡15

ያ አላህ። በከሰል ግድግዳው ላይ ጭረት የሚያሰምሩት እሳቸው አይደሉም? ዱቤ ለወሰደ ሁሉ በየስሙ ፊት ጭረት። ሰኔ 30 ካርድ ስንቀበል ግድግዳውን በውሃ ያጥቡትና «ዘንድሮ ሁላችሁም አልፋችኋል» ይሉን ነበር። የወደቀም ያለፈም እኩል ይስቅ ነበር።

---

ዓሳ ሾርባ | 2፡20

እኔ ቪዲዮ ልሥራ። ስልኬ ጥሩ ነው፣ ተከታይም አለኝ። ዓይናቸውን አሳይቼ ታሪካቸውን ብናወራ በሁለት ቀን ገንዘቡ ይሞላል።

---

ጀበና | 2፡22

አይሆንም። እለምንሃለሁ።

---

ዓሳ ሾርባ | 2፡25

እሺ። ይቅርታ ጀበና። ለመርዳት ስቸኩል የተባባልነውን ረሳሁት። አልሠራም። እኔ 2,000 አለኝ።

---

ጠመኔ | 2፡48

ልጆቼ፣ እኔም በዚያ በር ለብዙ ዓመት ገብቼ ወጥቻለሁ። የጡረታ ደመወዜ ነገ ይገባል፣ ከሱ አለሁበት።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እኚያን ሴት አውቃቸዋለሁ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ እድሩ ተጨማሪ ሊሰጣቸው ሲል «የደረሰኝ ደርሶኛል» ብለው የመለሱ ናቸው። እንርዳዎት ብትሏቸው አይቀበሉም። በምን አፍ ነው የምትነግሯቸው?

---

ነጭ ጋውን | 2፡55

ዱቤ ነው እንበላቸው።

---

ታቦር ሥር | 2፡56

ምን?

---

ነጭ ጋውን | 3፡01

ዱቤ! ዕዳ! ግድግዳው ላይ የነበረው ጭረት። እኛ እኮ ከፍለን አናውቅም። በየዓመቱ በውሃ አጠቡልን እንጂ። ስጦታ አይደለም የምንወስድላቸው፣ ያልከፈልነውን ነው። ውሸትም የለበትም፣ ጋሼ። እኔ በመርፌ እከፍላለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ።

---

ጠመኔ | 3፡09

ልጄ፣ ይሄን ሳነብ ተነስቼ ቆምኩ።

---

ከዱባይ | 3፡30

ሁሉንም እያነበብኩ ነበር፣ ሥራ ላይ ሆኜ ዝም አልኩ። የኔም ጭረት ነበረኝ፣ ከሁሉም የሚበዛው የኔ ነው። ቴሌብሩን ማን ይይዘዋል? ስሜን እንዳትጠሩ፣ የሰጠሁትንም እንዳትጽፉ።

---

አረብ ሰፈር | 3፡33

እኔ ልያዝ፣ ቁጥሬን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እዚህ ማን ስንት እንዳዋጣ አይጻፍ። ሲሞላ ሞላ እላለሁ።

---

አረብ ሰፈር | ታኅሣሥ 27፣ ጠዋት 4፡05

ሞላ። ለሁለቱም ዓይን፣ ለመድኃኒት፣ ለመመላለሻ።

---

የአቶቴ ልጅ | ጥር 2፣ ምሽት 2፡20

ዛሬ ሄድን። እኔ፣ ነጭ ጋውን፣ አረብ ሰፈርና ጋሼ ጠመኔ። ባዶ እጃችንን አልሄድንም፣ አንድ ኪሎ ቡናና ስኳር ይዘናል፣ እንደ ማንም ጠያቂ።

እትዬ በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። በድምፃችን ለዩን! ነጭ ጋውንን ገና «እንደምን ዋሉ» ስትል «የኔ ነርስ» አሏት። እሷ ከዚያ በኋላ ለብዙ ደቂቃ መናገር አልቻለችም። ስለዚህ እኔ ጀመርኩ። ዕዳ ልንከፍል ነው የመጣነው አልኩ። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። «ያንተ ሦስት ቦምቦሊኖ ነው። በ25 ሳንቲም 75 ሳንቲም። እዚህ አስቀምጥ» አሉኝ።

እኔ ደንግጬ «ወለዱስ እትዬ?» አልኳቸው። አረብ ሰፈር ቀበል አድርጎ «እኔ ወለድ አልከፍልም፣ ሐራም ነው። የቦምቦሊኖ ዋጋ ስለተወደደ ነው» አላቸው። እትዬ ሳቁ። ነጠላቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ። ስቀው ሲጨርሱ ደግሞ ዝም አሉና፣ ፊታቸውን ወደ ጋሼ አዙረው «መምህር፣ እርስዎ ከኔ ቦምቦሊኖ በልተው አያውቁም። እርስዎ ለምን መጡ?» አሏቸው።

ጋሼ ምን እንዳሉ ራሳቸው ይጻፉት።

---

ጠመኔ | 2፡41

«የተራቡ ልጆች ክፍል ገብተው አያዳምጡም። እርስዎ በር ላይ ስላበሏቸው ነው እኔ ውስጥ ያስተማርኩት። የኔ ዕዳ ከሁሉም ይበልጣል» አልኳቸው። ከልቤ ነው። ያኔ ልነግራቸው ሲገባኝ ሳልነግራቸው የቀረሁት ነው።

እጃቸውን ዘረጉ። እሺ አሉ።

---

ጀበና | 2፡44

ጋሼ፣ እትዬ ምን ለብሰው ነበር?

---

ጠመኔ | 2፡49

የልጅ ልጃቸው ገብታ አዲሱን ነጠላቸውን አወጣችላቸው፣ ልጄ። እስኪለብሱ በር ላይ ጠበቅናቸው።

---

ነጭ ጋውን | ጥር 9፣ ጠዋት 4፡30

የቀኙ ዓይን ትናንት ተሠራ፣ ዛሬ ተፈታ። ፋሻው ሲነሳ ለተወሰነ ጊዜ ምንም አላሉም። ከዚያ የልጅ ልጃቸውን አገጭ ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩና «አንቺ፣ እንዲህ አድገሻል?» አሏት። እኔን ደግሞ ከላይ እስከ ታች አይተው «ከሳሽ» አሉኝ።

አሁን ዓይናቸውን ማሸት፣ ጎንበስ ብሎ ከባድ ማንሳትና ጭስ ክልክል ነው። ጠብታውን የልጅ ልጃቸው ትጨምርላቸዋለች፣ አሳይቻታለሁ። ለጥምቀት ወደ ሕዝቡ መሃል አልገባም ብለው ቃል ሰጥተውኛል። ታቦቱን ከበር ላይ ሆነው ያዩታል።

ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ አላቸው። እኔ ተረኛ ነኝ። ማን ያመጣቸዋል?

---

ዓሳ ሾርባ | 4፡32

እኔ። ባጃጅ ይዤ 2 ሰዓት ተኩል በራቸው ላይ እገኛለሁ። ስልኬን ኪሴ ውስጥ አድርጌ።